ከማስታወቂያ አስቀድሞ ሙያን ማወቅ፤ ስለ ሥራ ፍለጋ ለፎገራ ወጣቶች

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ዳርቻ፣ እስከ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ ባሉት ቀበሌዎች የምትገኙ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ትምህርቱን ፈጽሞ ወይም በልዩ ልዩ ምክንያት ከመካከል አቋርጦ ሥራ ስለሚሻ ወጣት የሚናገር ሲሆን፣ ይህ ወጣት በእጁ በያዘው ስልክ አማካይነት የሙያውን መንገድ እንዴት ሊያቅድ፣ የሚቀጥረውንም መሥሪያ ቤት እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል በሰፊው እናብራራለን።

ሥራ ፈላጊ ምክር በጠየቀ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ «እንዲህ የሚባለውን የቴሌግራም ቻናል ተከተል፤ ማስታወቂያ ይወጣበታል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከመጨረሻው የጀመረ ነው። በኢንተርኔት ላይ ከተከማቸው ሀብተ ዕውቀት ውስጥ ለወጣቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ዛሬ ሰው እንደሚፈልግ የሚነግረው ሳይሆን፣ አንድ ሙያ በውስጡ ምን እንደ ያዘ፣ ምን ትምህርት እንደሚጠይቅ፣ በስንት ዓመት ድካም እንደሚደረስበት፣ የት የት እንደሚሠራበትና ወደ ፊትም ወዴት እንደሚያደርስ የሚገልጸው ክፍል ነው። ይህን ሳይመረምር በየቀኑ መቶ ማስታወቂያ የሚያነብ ወጣት፣ ለሁሉም ያው አንድ ዓይነት ማመልከቻ እየላከ፣ ከአንዱም መልስ እያጣ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን በራሱ ዕድል ላይ ሲያሳብብ ይታያል፤ እኔም ይህ ሲሆን ማየት እጅግ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጉድለቱ በችሎታው ሳይሆን በፍለጋው ሥርዓት ላይ ነውና።

ይህ ቅደም ተከተል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በበጌምድርና በጎጃም አድባራት ሲዘዋወር የኖረው የአብነት ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት በወጣ ጊዜ፣ ድጓ ለመመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለማደላደል ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር፣ ቅኔ ለመቁጠር ወደ ጎጃም ጉባኤያት መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ቤተ ልሔምና ዙር አምባም ከእኛ ብዙ ሳይርቁ በዚሁ በጋይንት ወገን የሚገኙ ናቸው። በየትኛው ጉባኤ የቆመው መምህር በየትኛው ትምህርት ምስክር እንደሚሰጥ፣ ያም ምስክርነት በየትኛው ደብር እንደሚከበር፣ ትምህርቱም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚሰማው ቀድመውት ከሄዱት ደቀ መዛሙርት አንደበት ነበር። መሪጌታ ሆኖ የሚያገለግልበትን ደብር የሚፈልገው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የዛሬው ወጣት ግን የተዘረጋለት የሙያ ዓይነት ከእነዚያ ጉባኤያት ቁጥር እጅግ ስለ በዛ፣ አብዛኛውም ሙያ ወላጆቹ ያልሠሩትና ጎረቤቶቹ ያላዩት ስለ ሆነ፣ የቀደመ ተማሪ ቃል ብቻ አይበቃውም፤ የቃሉን ጉድለት የሚሞላለት በኢንተርኔት የተቀመጠው ጽሑፍና ትምህርት ነው።

በውጭው ዓለምም ይህን ጉዳይ በሥርዓት ያሰበበት ሰው ነበር። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሙያ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት ካረፈ በኋላ በ1909 በታተመው መጽሐፉ፣ ሙያ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው አስተምሯል፤ ይኸውም አንደኛ የራሱን ዝንባሌ፣ ችሎታና ጉድለት አጥርቶ ማወቅ፣ ሁለተኛ የልዩ ልዩ ሙያዎችን ጠባይ፣ ጥቅምና ፈተና ማወቅ፣ ሦስተኛም ሁለቱን አገናኝቶ በርቱዕ አእምሮ ማመዛዘን ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ አልናገርም፤ ራስን ማወቅ በስልክ መስታወት ከሚቀርብ መጠይቅ ይልቅ ወላጅ፣ መምህርና የሥራ ባልደረባ በሚሰጡት እውነተኛ ምስክርነት ይበልጥ ይገኛልና። በሁለተኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምሳሌውንም ከሩቅ ሳላመጣ ከዚሁ ከሜዳችን እወስደዋለሁ።

የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ቀድሞ በግጦሹና በፎገራ ከብት የታወቀ ምድር መሆኑን አረጋውያን ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ በጅግና አካባቢ ከተሞከረ በኋላ፣ ገበሬው ራሱ እየመረጠና እያባዛ በሜዳው ሁሉ አስፋፋው፤ ዛሬም «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ያንን የመጀመሪያ ቦታ በስሙ ይዞት ይኖራል። አሁን በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተበራክተዋል፣ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ በዚሁ ይሠራል፤ እንዲህም ሆኖ አገራችን ከምትመገበው ሩዝ ብዙውን ከባሕር ማዶ ትገዛለች። በዚህ ነገር ውስጥ ስንት ሙያ እንደ ተደበቀ ያስተዋለ ወጣት ግን ጥቂት ነው። የወረታ ሩዝ በአዲስ አበባ ገበያ ከውጭ ከመጣው ጋር ሲወዳደር ከሚቀርቡበት ነቀፌታዎች አንዱ ፍሬው መሰበሩ ነው፤ የመሰበሩም ምክንያት ከፊሉ በመፈልፈያው መሣሪያ ዓይነት፣ ከፊሉም ሩዙ ከአጨዳ በኋላ በአግባቡ ባለመድረቁ ወይም ከልክ በላይ በመድረቁ ነው። ከነገለባው ያለ ሩዝ ወደ ወፍጮ ሲገባ የእርጥበቱ መጠን 14 ከመቶ ገደማ ቢሆን ፍሬው በደህና ይወጣል። ይህን መጠን በመለኪያ አይቶ የሚያውቅ፣ ማድረቂያውን የሚያሰናዳ፣ ወፍጮውን የሚያስተካክልና የሚጠግን፣ የተፈለፈለውንም በደረጃ ለይቶ የሚያሽግ ሰው በወረታ የሚሠራው አያጣም፤ ይህን ሙያ የሚጠራ የቅጥር ማስታወቂያ ግን በቴሌግራም ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ አይወጣም። የወፍጮው ባለቤት ሰውየውን የሚያገኘው በመጠየቅና በመጠቆም ስለ ሆነ፣ ዕውቀቱን ይዞ በሩን ማንኳኳት የወጣቱ ፈንታ ነው።

ዕውቀቱ የሚገኝበትን ቦታም ልጠቁም። እ.ኤ.አ. በ1960 በፊሊፒንስ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ «ራይስ ኖውሌጅ ባንክ» የሚባል ለማንም ያለ ክፍያ የተከፈተ ድረ ገጽ አለው፤ በዚያም ከዘር መረጣ ጀምሮ እስከ ማድረቅ፣ መጋዘን ማስገባትና መፈልፈል ድረስ ያለው ሥራ ደረጃ በደረጃ ከነሥዕሉ ተጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ስለ ግብርና፣ ስለ ምግብ ደኅንነትና ስለ ገበያ ያለ ክፍያ የሚያስተምር፣ ለሚያጠናቅቀውም ተማሪ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት አለው። ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው የሚያስቸግራቸው ብዙ እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከወረታ ግብርና ኮሌጅ ወይም ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በቤት የተቀመጡ ወጣቶች ሦስት አራት ሆነው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተረጎመ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከሜዳው ልምድ እያረመ ቢማሩት፣ ብቻውን ከሚያነብ ሰው እጅግ ይልቃሉ።

በወረታ የተከፈተው ደረቅ ወደብ ሌላው ምሳሌ ነው። ከተማው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ የሚገናኙበት በመሆኑ፣ ዕቃ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ስፍራ መሆኑ ተገቢ ነው። በወደብ ዙሪያ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ የግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የማንሻ መሣሪያ ኦፕሬተር፣ የሒሳብ ሠራተኛና የከባድ መኪና ሾፌር ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም የተለየ ፈቃድ ወይም የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። የጉምሩክ ኮሚሽንን ድረ ገጽ ከፍቶ ሕጉንና መመሪያውን ያነበበ ወጣት፣ ማስታወቂያው በወጣ ቀን ምን እንደሚጎድለው ከማወቅ ይልቅ ጉድለቱን አስቀድሞ ሊሞላ ይችላል።

ኮምፒውተር ነክ ሙያ ለሚመኙት፣ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በ2016 ዓ.ም. የጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና የድረ ገጽ ሥራን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያን፣ የመረጃ ትንተናንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት ያለ ክፍያ እንዲያስተምር የታሰበ ነው። የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው የሠራኸውን አሳየኝ ብሎ ስለ ሆነ፣ ከሥልጠናው ጎን አንድ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያገለግል የሒሳብ መዝገብ፣ ሠርቶ ማቆየት ይበጃል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው እንምጣ። ክፍት የሥራ ቦታ ቀድሞ የሚታወቀው በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው «አዲስ ዘመን»፣ የክልላችንም ጋዜጣ «በኩር» እስከ ዛሬ ይህን አገልግሎት አላቋረጡም፤ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ቅጥር ለሚፈልግ ሰውም «በኩር»ን ማንበብ ግዴታ ነው እላለሁ። በኢንተርኔት በኩል «ኢትዮጆብስ» ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ባንኮችና የርዳታ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያቸውን በእርሱ ያወጣሉ። «ደረጃ» የሚባለው በተለይ አዲስ ለተመረቁ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው፤ ከማስታወቂያው ጋርም ስለ ሲቪ አጻጻፍና ስለ ቃለ መጠይቅ ሥልጠና ይሰጣል። «ሐሁጆብስ» እንዲሁ፣ በቴሌግራም ደግሞ «አፍሪወርክ» በብዙ ወጣቶች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ሊንክዲን የሚባለው ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳነቱ ይልቅ በአንድ ሙያ ቀድመው የሄዱትን ሰዎች ለማየት ይጠቅማል፤ የአፈር ሳይንስ ተመራቂ የሆነች እኅት፣ ከእርሷ አሥር ዓመት ቀድመው የተመረቁት ሰዎች ዛሬ በምን ሥራ ላይ እንዳሉ፣ በየት በየትም አልፈው እዚያ እንደ ደረሱ በአንድ ቀን ምሽት ልትመረምር ትችላለች።

ማስታወቂያን ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚለው ቃል የሥራ ልምድ የሌለው ተመራቂ እንዲወዳደር የተፈቀደ መሆኑን ያሳያልና፣ አዲስ ተመራቂ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ሊጽፈው የሚገባው እርሱን ነው። «ደመወዝ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚል ሲያጋጥም፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት የተመሳሳይ ሥራ ክፍያ ምን ያህል እንደ ሆነ በሙያው ያሉትን ጠይቆ መቅረብ ያሻል። የሥራ ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ እንደ ሆነ ግብር የተከፈለበት ስለ መሆኑ ማስረጃ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ማስረጃ ከቀድሞው አሠሪ የሚገኘው ግንኙነቱ ሳይበላሽ ስለ ሆነ፣ ሥራ የሚለቅ ሰው በለቀቀበት ቀን ሊወስደው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቁት የመውጫ ፈተና ማለፋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ በቴክኒክና ሙያ ለሠለጠኑት ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ወረቀት ይጠየቃል። እነዚህን ሁሉ በአንድ የፒዲኤፍ ፋይል አድርጎ፣ በራሱ ስም በተከፈተ ኢሜይል ውስጥ አስቀምጦ የሚጠብቅ ወጣት፣ ማስታወቂያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ከመሮጥ ይድናል።

ስለ አታላዮች ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። በሥራ ፈላጊ ችግር የሚነግዱ እኩያን ሰዎች የታወቀ ድርጅት ዓርማ ለጥፈው፣ የደመወዙን መጠን ከልክ በላይ አግዝፈው፣ «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና» የሚሉትን ገንዘብ በቴሌብር እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181፣ የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል በመርሕ ይከለክላል፤ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገናኝን ሲተረጉም ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ብሎ ነው። እንግዲህ ለመቀጠር ክፈል የሚል ድምፅ ሲሰማ ነገሩን እዚያው ላይ ማቆም ይገባል። ማስታወቂያው በቻናል የተገኘ ከሆነም፣ ቻናሉ ገልባጭ እንጂ ቀጣሪ ስላልሆነ፣ የድርጅቱን የራሱን ድረ ገጽ ወይም የወጣበትን ጋዜጣ ፈልጎ ከምንጩ ማመሳከር፣ ይህም ባይገኝ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ስልክ ደውሎ መጠየቅ አስፈላጊ ነው።

ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚያስቡ እኅቶችና ወንድሞች ይበልጥ ይጠንቀቁ። ሕጋዊው መንገድ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ባዘጋጀው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ተመዝግቦ መሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የመጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ሲጥል፣ ለሠራተኛው የተወለት እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። ስለዚህ ለቪዛ ብሎ ላም ሽጡ የሚል ደላላ ከሕግ ውጭ የሚናገር መሆኑን ወላጆች ይወቁት።

ይህ ሁሉ የተባለው የኢንተርኔት መስመሩ ሲኖር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ የማስታወቂያው መዝጊያ ቀን ሳያዩት ያለፈባቸው፣ በኢሜይል ብቻ ማመልከት በሚጠየቅበትም ቦታ ወደ ሌላ ከተማ ለመጓዝ የተገደዱ ወጣቶች ነበሩ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶችም በእንዲህ ያለ ጊዜ በሰሌዳና በእጅ የሚቀርብ ማመልከቻን ቢቀበሉ ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጣቱ በበኩሉ መስመሩ ባለበት ቀን የሚማርበትን ጽሑፍ ወደ ስልኩ አውርዶ ማቆየት፣ ዋናውንና የማይመለሰውን ኮፒ በወረቀት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ፣ በቀበሌው የሥራ ዕድል ፈጠራ ጽሕፈት ቤትም እንደ ሥራ ፈላጊ መመዝገብ ይችላል። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ብቻ ባለበት፣ ስልኩ ብዙ ጊዜ በወንድ ልጅ እጅ የሚውል መሆኑንም አስተውያለሁ፤ ልጃቸው የተመረቀች አባቶችና እናቶች በሳምንት ጥቂት ሰዓት ስልኩን ከነካርዱ ለእርሷ እንዲለቁላት አደራ እላቸዋለሁ።

በመጨረሻ፣ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለና ልብ በሉልኝ፤ ይኸውም የቀን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ የሚወጣ ማስታወቂያ መዝጊያውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጽፍ፣ ጃንዋሪ 9 የሚል ያነበበ ሰው በአብዛኛው ዓመት ጥር 1 ማለት መሆኑን ይወቅ፤ ሰዓቱም 5 ፒ ኤም ቢል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት፣ 11 ከ59 ፒ ኤም ቢልም ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። በአማርኛ የሚወጣው ደግሞ «ይህ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ስለሚል፣ ቆጠራው የሚጀምረው እናንተ በቻናል ካያችሁበት ቀን ሳይሆን ጋዜጣው ከታተመበት ቀን ነው። በዚህ ቆጠራ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይገቡም፤ ቅዳሜን ግን አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ስለሚቆጥረው፣ የተቆጠረ እንደ ሆነ አድርጋችሁ ማመልከቻችሁን አስቀድማችሁ አስገቡ።